ክፍያውን ከፍለን፣ ደግሞ መዋጮ?

ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ከትምህርት ቤቱ አንድ ፖስታ መጣ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ከታች ደግሞ በእስክሪብቶ የተፈረመበት። ባለቤቴ ቆማ አነበበችውና "ሰዎቹ ይቀልዳሉ እንዴ?" አለችኝ። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንድንሰጠው እየጠየቀ ነበር። ክፍያ አይደለም፣ እሱንማ በየወሩ ከአካውንታችን እየቆረጠ ነው። መዋጮ! ያውም እኛን፤ ፋይናንሻል ኤይድ (ለክፍያው የሚሰጥ ድጋፍ) ካላገኘን አንችልም ብለን የታክስ ወረቀታችንን፣ የደሞዝ ደረሰኛችንን፣ የቤት ኪራያችንን ሳይቀር ዘርግፈን ያሳየነውን ሰዎች።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ልጆቻቸውን "ኢንዲፔንደንት ስኩል" ያስገቡ የማውቃቸው ሐበሾች ጥቂት አይደሉም፣ ይቺ ፖስታም ሁሉም ቤት ትገባለች። አንዱ ወዳጄ ሳይከፍታት ወደ ቅርጫት ይወረውራታል። ሌላዋ "ካልሰጠሁ ልጄን ይጠምዱብኛል" ብላ እየፈራች ትሰጣለች። ሁለቱም ነገሩ አልገባቸውም። እኔም አልገባኝም ነበር፤ ጠይቄ፣ አንብቤ፣ ወላጅ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼ የገባኝን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። አዲስ አበባ ላይ "የግል ትምህርት ቤት" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት አለው። የሚሲዮንና የሕዝብ የሚባሉትን ትተን፣ የቀረው ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ቪላ ተከራይቶ ወይ ሕንፃ ሠርቶ የሚያተርፍ ሰው ነው። ክፍያ ሲጨመር ወላጅ የሚጮኸውም ለዚህ ነው፤ ጭማሪው ማን ኪስ እንደሚገባ ይታወቃላ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት "ስጦታ ስጡኝ" ቢል፣ ዘይት ከሸጠላችሁ በኋላ "እስቲ ደግሞ ለሱቄ አዋጡ" እንደሚል ባለሱቅ ነው። ባለቤቴ "ይቀልዳሉ እንዴ" ያለችው በዚህ ዓይን አይታው ነው።

የአሜሪካው ኢንዲፔንደንት ስኩል ግን ባለቤት የለውም። ከወጪ ቀሪ ቢኖር የሚካፈለው ሰው የለም። በታክስ ሕጉ 501ሲ3 የሚባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያሉበት ማለት ነው። ከላይ የባለአደራ ቦርድ አለው፤ ርዕሰ መምህሩን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም እሱ ነው። መንግሥት አያስተዳድረውም፣ እንደ ብዙዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም በሀገረ ስብከት ሥር አይደለም። "ኢንዲፔንደንት" የተባለው ለዚህ ነው። ነፃነቱ ደስ ይላል፣ ችግሩ ግን ሲቸግረው ሄዶ የሚያለቅስበት ቤት የለውም።

ባለቤት ከሌለው ታዲያ የማን ነው? እዚህ ላይ ለኛ የሚቀርበው እድር ነው። እድር ስትገቡ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ብረት ድስት ቀድሞ ተገዝቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ከገዙት ሰዎች ግማሾቹ ዛሬ የሉም፤ እዚያው ድንኳን ሥር ተለቅሶላቸዋል። እናንተ በገባችሁ በወሩ ኀዘን ቢደርስባችሁ ድንኳኑ ይተከላል፣ እስከዚያ የከፈላችሁት ግን ተደምሮ የድንኳኑን ገመድ አይገዛም። ብዙ እድር ከአዲስ ገቢ የመግቢያ ገንዘብ የሚቀበለው ይሄን አስቦ ነው። ኢንዲፔንደንት ስኩልም ልክ እንደዚያ ነው፤ ላቦራቶሪውን፣ ጂሙን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከ30 እና ከ50 ዓመት በፊት የነበሩ ወላጆችና ተማሪዎች ናቸው አዋጥተው ያቆሙት። ልዩነቱ፣ እድሩ በግድ የሚቀበለውን ትምህርት ቤቱ በፖስታ ይለምናል።

ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሙሉ ክፍያ የሚከፍለው ወላጅም ቢሆን ሙሉ ወጪውን አይከፍልም። በዚህ አካባቢ ስማቸው ከሚጠራው ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ ለአንድ ልጅ የሚያወጡት ከሚያስከፍሉት ይበልጣል። እንበልና 400 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ 60 ሺህ ያወጣል፣ የሚያስከፍለው ግን 52 ሺህ ነው። በአንድ ልጅ 8 ሺህ ጎደለ። በ400 ሲባዛ 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ዶላር። ይሄ ሁሉም ወላጅ ሳያጓድል ቢከፍል ነው፤ እንደኛ ግማሹን ብቻ የሚከፍል ሲጨመርበት ጉድጓዱ ይሰፋል።

ለምንድነው ይሄን ያህል የሚያስወጣው? ትልቁ ወጪ ሰው ነው። የመምህራንና የሠራተኞች ደሞዝ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ጡረታ። አንድ ክፍል ውስጥ 14 እና 15 ልጅ ብቻ ካስቀመጡ ብዙ መምህር መቅጠር የግድ ነው። ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። ዊልያም ባውሞል የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1960ዎቹ ያስረዳው ነገር አለ፣ በኛው ቡና ልንገራችሁ። ፋብሪካ ማሽን ባሻሻለ ቁጥር በሰዓት የሚያመርተው ይጨምራል፣ ለሠራተኛውም ደሞዝ መጨመር ይችላል። ቡና ማፍላት ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ አያቶቻችን ሲያፈሉ የፈጀው ጊዜ ዛሬም ያንኑ ይፈጃል። ይሁን እንጂ ቡና ለምታፈላዋ ልጅ በአያቶቻችን ዘመን ደሞዝ እንክፈልሽ ብትሏት ረከቦቱን ጥላላችሁ ፋብሪካ ትገባለች። ስለዚህ ሥራው ሳይፈጥን ደሞዙ ይጨምራል። ማስተማርም ያው ነው። አንድ ድርሰት አንብቦ፣ አርሞ፣ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር በ1950ም በዛሬው ቀንም ያው ግማሽ ሰዓት ነው።

ታዲያ ለምን ክፍያውን 60 ሺህ አድርገው አይገላገሉም? ያን ቀን ነርሷም፣ አነስተኛ ሱቅ ያለውም ልጁን ያስወጣል፣ የሚቀረው ዶላር የማይቆጥረው ሰው ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፣ ትምህርት ቤቶቹ ጮክ ብለው የማያወሩት። ክፍያ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም፣ ስጦታ ግን ይቀነሳል። ለሀብታሙ ወላጅ 8 ሺህ ዶላር ክፍያ ቢጨመርበት ያኮርፋል፤ 8 ሺህ ዶላር ስጦታ ቢጠየቅ ግን ከፊሉን ከታክሱ ላይ ያገኘዋል፣ ስሙም ይጻፍለታል፣ እንዲያውም 20 ሺህ ሊሰጥ ይችላል። ሰው እኮ ሰው ነው።

ጉድጓዱ በዋናነት ከሁለት ቦታ ይሞላል። አንዱ ኢንዶውመንት ነው። (ኢንዶውመንት ሲባል የአገራችን ፖለቲካ ትዝ የሚለው አይጠፋም፤ ያንን ለጊዜው እርሱት።) እዚህ ኢንዶውመንት ማለት ላሟን ሳያርዱ ወተቷን መጠጣት ነው። ዋናው ገንዘብ ኢንቨስት ተደርጎ ይቀመጣል፣ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ፐርሰንት ብቻ ይወጣለታል። ያ በምሳሌ የያዝነው ትምህርት ቤት 40 ሚሊዮን ቢኖረው፣ በ4.5 ፐርሰንት 1 ሚሊዮን ከ800 ሺህ ያገኛል። ቀረው 1 ሚሊዮን ከ400 ሺህ። ፖስታዋ የምትመጣው ለዚህች ነው። "አኑዋል ፈንድ" ይሏታል። ዘንድሮ ተሰብስባ ዘንድሮ ታልቃለች፤ ለመምህር ደሞዝ፣ ለአውቶቡስ ነዳጅ፣ ለኛ ልጅ ኤይድ። ሕንፃ ሲታሰብ የሚመጣው "ካፒታል ካምፔይን" ሌላ ነው፣ እሱ የሚያንኳኳው የትልልቆቹን በር ስለሆነ ብዙ አያሳስበን።

እሺ፣ 1 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ጎደለ። የኔ 50 ዶላር ታዲያ ምን ትሠራለች? ምንም አትሠራም፣ በብር ካየናት። የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው። ከመቶ ስንት ቤተሰብ ሰጠ? ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ወይ ፋውንዴሽን ቼክ ከመጻፉ በፊት ይቺን ይጠይቃል። የራሳቸው ወላጆች ያላመኑበትን ትምህርት ቤት እኔ ለምን አምናለሁ ይላል። አዲስ አበባ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የነበረውን አስታውሱ፤ በሩ መንገዱ ላይ ያለው ሰውዬ ካላዋጣ ከማዶ ያለው ለምን ያዋጣል? የቦርድ አባላት ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር እንዲሰጡ የሚጠበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛን ኤይድ ላይ ያለነውን የሚጠይቁን ረስተውን መስሎኝ ነበር። አልረሱንም። 5 ዶላር የሰጠ ቤተሰብም 50 ሺህ የሰጠ ቤተሰብም በዚያ ቆጠራ አንድ አንድ ነው።

የወላጅን ስጦታ ግን ሁሉንም ምስጋና ነው ብዬ አልቀባባውም። ከፊሉ የጓደኛ ግፊት ነው፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይ የሰጪ ስም በመደዳ ይወጣል፣ ጎረቤትህ አለ፣ አንተ የለህም። ከፊሉ ጥቅም ነው፤ ትምህርት ቤቱ ስሙ ከፍ ሲል የልጄ ዲፕሎማም አብሮ ከፍ ይላል። ጋላ የሚሉት እራት ደግሞ አለ፣ ክራባት አስረው እየተጎራረሱ ሳይሆን እየተፎካከሩ የሚያመሹበት። መጀመሪያ ስሄድ እንግዳ ነገር የማይ መስሎኝ ነበር። ገብቼ ሳይ ጨረታ ነው! እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሥዕለ ማርያም "አምስት መቶ አንድ ጊዜ፣ አምስት መቶ ሁለት ጊዜ" ተብሎ ሲጫረት እያየሁ እንዳደግሁት ያለ ጨረታ። የሚጫረተው የአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ቤት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወላጁስ ልጁ እዚያ ነው፣ ይገባኛል። የሚገርመኝ ከ40 ዓመት በፊት የወጣው ሰውዬ ነው። የሚኖረው ካሊፎርኒያ፣ ልጅ እዚያ የለው፣ ያስተማሩትም አብዛኞቹ ሞተዋል። ምን ቤት ነኝ ብሎ ይሰጣል?

ዋልተር አነንበርግ የሚባል የመጽሔትና የቴሌቪዥን ባለሀብት ነበር። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሃይትስታውን ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከፔዲ ስኩል በ1927 ወጣ። በ1993፣ ከ66 ዓመት በኋላ፣ ለዚያ ትምህርት ቤት 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከዚያ በላይ የምወደው የጆርጅ ስኩልን ታሪክ ነው። ፔንሲልቬንያ ያለ፣ ኩዌከሮች የሚባሉ ክርስቲያኖች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። በ2007 የቀድሞ ተማሪው ባርባራ ዶድ አንደርሰን 128.5 ሚሊዮን ዶላር ልትሰጠው ቃል ገባች። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? አባቷ ዴቪድ ዶድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ ካስተማሯቸው አንዱ ዋረን በፌት የሚባል ልጅ ነው። መምህሩ የተማሪያቸውን ኩባንያ አክሲዮን ገዝተው አስቀመጡ። ተማሪው በኋላ ከዓለም ቁንጮ ሀብታሞች አንዱ ሆነ። ከማስተማር የመጣ ዕድል ዞሮ ዞሮ ክፍል ውስጥ ገባ።

ኤድዋርድ ሃርክነስ ደግሞ ይለያል። የቤተሰቡ ሀብት ከሮክፌለር የነዳጅ ኩባንያ፣ ከስታንዳርድ ኦይል የመጣ ነው። በ1930፣ አሜሪካ ኪሳራ ውስጥ ባለችበት ሰዓት፣ ኒው ሃምፕሸር ላለው ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። እሱ ራሱ ኤክሰተር አልተማረም፣ የተማረው ሴንት ፖልስ የሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የፈለገው ሕንፃ ብቻ አልነበረም፤ መምህር ከፊት ቆሞ የሚናገርበት፣ ልጅ ከኋላ የሚደበቅበት ክፍል ቀርቶ፣ ጥቂት ልጆች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲከራከሩ ነው። ሞላላው ጠረጴዛ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፣ ሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶችም ቀድተውታል። ልብ በሉ፣ ጠረጴዛ ርካሽ ነው። ውዱ ነገር ዙሪያውን 12 ልጅ ብቻ አስቀምጦ ለዘላለም መምህር መቅጠር ነው፣ ያ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። በኋላ የመጡት እየጨመሩበት ኤክሰተር በ2007 የዓመት ገቢያቸው 75 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች የሆኑ ቤተሰቦች ልጆች በነፃ እንዲማሩ ወሰነ፣ ከዚያ ወዲህም ጣሪያውን ወደ 125 ሺህ ከፍ አድርጎታል። በዚህ ገቢ የሚኖር ሐበሻ ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱ፤ ማመልከት የሚያስብ ግን ብዙ አላየሁም።

እነዚህ ሚሊየነሮች ናቸው፣ እሺ። አብዛኛው የቀድሞ ተማሪ የሚሰጠው 25 ዶላር፣ 100 ዶላር ነው። እሱን የሚያሰጠው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ሒሳብ አልገባህ ሲለው ምሳውን ትቶ ያስረዳው መምህር። ትምህርት ቤቶቹም ይሄን አሳምረው ያውቃሉ፣ ደብዳቤው ላይ የሽማግሌውን መምህር ፎቶ የሚለጥፉት ለወግ አይደለም። በየአምስት ዓመቱ ሪዩኒየን ይጠራሉ፣ አንድ የክፍል ጓደኛ ስልክ እየደወለ ይሰበስባል፣ የ1985ቱ ከ1990ው ይፎካከራል። ከአብሮ አደግ ስልክ ማምለጥ ደግሞ ከፖስታ ከማምለጥ ይከብዳል።

ግን ከሥሩ ያለው ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የምትሰጠው እናት ልጁን አታውቀውም። ከሌላ አውራጃ የመጣ ነው፣ ነገ ይሄዳል። የኔታም ወር ቆጥረው ክፍያ አይጠይቁትም። ልጁ አድጎ መሪጌታ ሲሆን ያቺን ሴት ፈልጎ እንጀራዋን አይመልስላትም፤ ወንበር ዘርግቶ ሌላ የቆሎ ተማሪ ያስተምራል። የካሊፎርኒያው ሰውዬም የሚከፍለው ላስተማሩት አይደለም፣ እነሱ የሉም። የሚከፍለው ለኔ ልጅ ነው። ይሄ ሲገባኝ ትንሽ አፈርኩ፣ ልዋሽ አልችልም።

ወደ ታክስ ልመለስ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ትምህርት ቤቱ 501ሲ3 ስለሆነ ስጦታ ይቀነሳል ሲባል ሁሉም ሰው ይጠቀማል ማለት አይደለም። ከ2018 ጀምሮ ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዝሩ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) በእጥፍ ገደማ ስላደገ አብዛኛው ቤተሰብ ወጪውን ዘርዝሮ አያስገባም፣ ስለዚህ ስጦታው ታክሱ ላይ ምንም አይለውጥለትም ነበር። ከ2026 ግን ሳይዘረዝሩም በጥሬ ገንዘብ ከሰጡት ላይ ላላገባ እስከ 1 ሺህ፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት እስከ 2 ሺህ ዶላር መቀነስ ተፈቅዷል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አትጣሉ፣ ያስፈልጋል። ለጋላው ትኬት 200 ዶላር ከፍላችሁ የበላችሁት እራት 80 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ የምትቀንሱት 120ውን ብቻ ነው። "ክፍያውን በስጦታ ስም ልክፈል" የሚል ብልጠት ደግሞ አይሠራም፤ ለልጃችሁ የምታገኙት ነገር ካለ ስጦታ አይደለም። አሠሪያችሁንም ጠይቁ፣ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምሩ ኩባንያዎች አሉ፣ ፎርም መሙላት ብቻ ነው።

ነገሩ ሁሉ ማር ነው እያልኩ አይደለም። ሀብታም ለሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ ከታክሱ ይቀነስለታል፣ ያ የተቀነሰው ደግሞ የሁላችንም ገንዘብ ነው፤ ጥቂት ማይል ርቆ ያለው የሕዝብ ትምህርት ቤት ጣሪያው ያፈሳል። የቀድሞ ተማሪ ልጅ በመግቢያ ላይ ዓይን የሚጣልበት ትምህርት ቤትም አለ፣ እና አንዳንዱ ስጦታ ለልጅ ልጁ ወንበር መያዣ ነው። ለዚህ ንፁህ መልስ የለኝም። ልጄ ግን የሚቀመጠው በዚሁ ገንዘብ በተገዛ ወንበር ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ መተቸት አያምርብኝም።

"ይጠምዱብኛል" ላለችው ወዳጄ ደግሞ፦ ኤይድ የሚወስነው ክፍልና መዋጮ የሚሰበስበው ክፍል የተለያዩ ናቸው፣ መምህሩ ማን እንደሰጠ የሚያይበት ሥራ የለውም። ኤይድ የሚሰላው በገቢያችሁ ነው። ካልቻላችሁ ካልቻላችሁ ነው፤ ዝም ማለትም መልስ ነው። ኢሜይሉ በታኅሣሥና በሰኔ የሚበዛባችሁም እናንተን ለይቶ አይደለም። የታክስ ዓመት በዲሴምበር 31 ያልቃል፣ የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በጀት ደግሞ በጁን 30።

እኛ በመጨረሻ የሰጠነው ባለቤቴ በተናገረችው አንድ ነገር ነው። እኔ የተማርኩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ባለፈው ዓመት ለዴስክ ተዋጣ ሲባል ማን አሰበው ማን አዘዘው ሳልል 200 ዶላር ልኬአለሁ። "ያኔ ታክስ ይቀነሳል ወይ ብለህ ጠየቅህ?" አለችኝ። አልጠየቅሁም። 50 ዶላር ላክን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የምስጋና ካርድ መጣ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ስማችንን ተሳስተው። የአሠሪዬን ፎርም ግን እስካሁን አልሞላሁትም።